የአልቃሽ ዓምድ

በደሴቲቱ መሳፈሪያ፣ ከትኬት መቁረጫዋ መስኮት ሥር ባለች ጠረጴዛ ላይ አንድ ወፍራም መዝገብ አለ። ጀልባዋ ላይ የሚወጣ ሰው ሁሉ፣ ሕፃንም ይሁን ሽማግሌ፣ እዚያ መዝገብ ላይ ሳይሰፍር እግሩን አያነሳም። ነገሩ የመጣው ከጥቂት ዓመታት በፊት የጀልባዋ ሞተር ጭጋግ ውስጥ ጠፍቶ ቀኑን ሙሉ ስትንሳፈፍ ከዋለች በኋላ ነው። ያን ቀን በሁለቱም ዳርቻ የቆመው ሰው ማን ተሳፈረ ማን ቀረ ብሎ መላ ቅጡ ጠፍቶት ነበር። ቤቱ ተኝቶ ለዋለ አንድ ዓሣ አጥማጅ እንኳ ተለቅሶለታል። ሁሉም በሰላም ቢገቡም መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ይያዝ ብሎ አዘዘ። መዝገቡ አራት ዓምድ አለው፤ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ከዚያ አራተኛው።

የአራተኛው ዓምድ ርዕስ የተጻፈው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ብቻ ነው። ያም ገጽ ከሻይና ከእርጥብ እጅ ብዛት ከደበዘዘ ቆይቷል። የደሴቲቱ ሰዎች ግን የራሳቸውን ስም አውጥተውለታል፤ «አልቃሽ» ይሉታል። ትኬት ቆራጩ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከመሳፈሪያው ንቅንቅ ያላለ ሽማግሌ ነው፤ ስለዚህም «መልህቅ» ተብሎ ቀርቷል። ብዕሩን ከጆሮው ላይ ያወርድና «እሺ፣ አልቃሽህ ማን ነው?» ይላል። አንዱ «ሚስቴ» ሲል ከኋላው ያለው «እሷማ ዘፈን ነው የምታወጣው፣ ሌላ ፈልግለት» ይላል፤ ሰልፉ ይስቃል። መልህቅ የሚሉትን ሁሉ ይሰማና የሚጽፈው ግን እሱ የሚያውቀውን ነው።

የጤና ጣቢያው ልብስ አጣቢ ይህን ቀልድ እንደ ቀልድ ሰምታው አታውቅም። ጭጋጉ የወረደ ቀን እሷም ዳርቻው ላይ ቆማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ንፋስ ሲነሳ ሌላው ጣራውን ሲያይ እሷ ውሃውን ነው የምታየው። ለእሷ አልቃሽ ማለት አልቃሽ ማለት ነው፤ ክፉ ነገር ቢመጣ መጀመሪያ የሚጠራው፣ ከሰው ሁሉ የቀረበው።

አሥር ዓመት የሞላት አንዲት ልጅ አለቻት። ሚጡ ነው የምትላት። የደሴቲቱ ትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል አያልፍም፤ ስለዚህ ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ ልጅቷ ሰኞ ጠዋት ወደ ማዶ ተሻግራ ዓርብ ከሰዓት ትመለሳለች። በመካከል ያሉትን አራት ሌሊቶች የምታድረው አክስቷ ቤት ነው። አክስትየው የአባቷ ታላቅ እህት ናት፤ ልብስ ሰፊ፣ ባልም ልጅም የሌላት። አባትየው ትልቅ መርከብ ላይ ስለሚሠራ በዓመት ሁለቴ ነው የሚመጣው፤ ይህንንም ጉዳይ የጨረሰው በስልክ ነው። እህቴ እያለች ልጄ ሰው ቤት አታድርም አለ። እናትየዋም እሺ አለች። ሌላ ምን ልትል? ትምህርት ነው። እሷ ራሷ ሳትማር አድጋ ፊደል የያዘችው ገና ዘንድሮ፣ በሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው።

እሺ ያለው ግን አፏ ነው። ሆዷ እስከ ዛሬ እሺ አላለም።

ዓርብ ዓርብ ልጅቷ ከጀልባዋ ስትወርድ እናትየዋ ከፊቷ አስቀድማ የምታየው ልብሷን ሆነ። የወለቀ ቁልፍ ተተክቶ ይመጣል። የተተረተረ ጠርዝ ተሰፍቶ ይመጣል። እሁድ ጭኗ ሥር አስቀምጣ የሠራቻት ሹሩባ ተፈትቶ፣ በሌላ እጅ፣ በሌላ አሠራር ተሠርቶ ይመጣል። ከዚያ የአክስትየው ወሬ ይከተላል። እቴቴ እንዲህ አለች፣ እቴቴ እንዲህ አደረገች፣ እቴቴ ቤት ብርድ ልብሱ ከስንት ዓይነት ጨርቅ እንደተሠራ ብታዪ። እናትየዋ «እንዴ» እና «ጎሽ» እያለች ትሰማለች።

አንድ ቅዳሜ አንሶላ ሲያጥፉ ልጅቷ ጫፉን ይዛ «እማ፣ እንደሱ አይደለም፤ እቴቴ መጀመሪያ ለሁለት፣ ከዚያ ለሦስት ነው የምታጥፈው» አለቻት። በቀን ስልሳ አንሶላ የምታጥፍ ሴት፣ አሥራ ሁለት ዓመት ከአንሶላ ጋር የኖረች ሴት፣ ማጠፍ አታውቂም ተባለች። እንደተባለችው አጠፈች። ልጅቷ ወደ ውጭ ስትወጣ ግን ያንኑ አንሶላ ዘርግታ እንደገና በራሷ መንገድ አጠፈችው።

የባሰው የደንብ ልብሱ ነገር ነው። ከቦርሳው ስታወጣው ንጹህ ነው፤ ተተኩሷል፤ የአክስትየውን ሳሙና፣ ሎሚ ሎሚ የሚለውን፣ ይሸታል። አንዴ ታሸተውና ፊቷን አኮሳትራ ሳፋ ውስጥ ትነክረዋለች። ልጅቷ ታጥቧል እኮ ስትላት የጀልባ ጭስ አለበት ትላለች። አሽታ፣ አጥባ፣ የጤና ጣቢያውን ሳሙና ሽታ አልብሳ ስትሰቅለው ነው ልጇ ቤት የገባችላት የሚመስላት።

በሳምንት ሁለት ቀን ከሥራ በኋላ ፊደል ትማራለች። አስተማሪዋ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት፤ ከክፍል ውጭ ያገኛችሁትን ሁሉ አንብቡ፣ ዓይናችሁን አታሳርፉት ትላቸዋለች። ልብስ አጣቢዋ ትሞክራለች። የመድኃኒት ካርቶን፣ የግድግዳ ማስታወቂያ፣ የሳሙና ልባስ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፤ ሲደረደሩ ግን መጨረሻው ላይ ስትደርስ መጀመሪያው ይጠፋባታል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ልጅቷ እንደ ወትሮዋ መስመሯን ራሷ ጽፋ፣ እናቷን ስማ ጀልባዋ ላይ ወጣች። ገመዱ ምሰሶው ላይ ተጠምዝዞ አልፈታ ስላለ መልህቅ ሊያግዝ ሄደ። መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ ቀረ። እናትየዋ የልጇን ጽሑፍ ለማየት ያህል ጎንበስ አለች። ክብ ክብ የሆነ፣ የሚያምር ጽሑፍ ነው። በጣቷ ተከተለችው። ተራ ቁጥሩን አለፈች፤ የልጇን ስም፣ ስታየው የለመደችውን፣ አለፈች፤ አሥር የሚለውን አለፈች። አራተኛው ላይ ሦስት ፊደል ብቻ ነው ያለው። እ። ቴ። ቴ።

እቴቴ።

ከክፍል ውጭ በገዛ ዓይኗ አንብባ የጨረሰችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ሆነ። ተሳስቼ ይሆናል ብላ ደገመችው፤ ቃሉ አልተለወጠም። አንድ ገጽ ወደ ኋላ ገለጠች፣ ሌላም ገለጠች። ያንን ክብ ክብ ጽሑፍ ባገኘችበት ሁሉ እነዚያው ሦስት ፊደሎች ቁጭ ብለዋል። አሥራ አራት ሰኞ ቆጠረች። አሥራ አራት ሰኞ ልጇ እናቷን ስማ፣ ከዚያው ከመሳሟ በፊት ግን፣ ብሞት የምታለቅስልኝ አክስቴ ናት ብላ ፈርማ ሄዳለች።

ጀልባዋ ጥሩምባዋን ነፋች። ልጅቷ ከመቀመጫዋ ሆና እጇን አወዛወዘች። እናትየዋም አወዛወዘች፤ እጇ ግን የሌላ ሰው እጅ መሰላት።

ማክሰኞ አንድ አንሶላ አቃጠለች። ካውያውን እላዩ ላይ ረስታው ጢሱ ሲነሳ ነው የነቃችው። የጤና ጣቢያው ወጥ ቤት ሠራተኛ ጢሱን አሽታ መጣችና ምን ሆነሻል አለቻት፤ ነገሩን ነገረቻት። ወጥ ቤቷ ማባባስ አይከብዳትም። የአጎቷ ልጅ ወንድ ልጇን ለሁለት ዓመት ወንድሟ ዘንድ ልካው፣ አሁን እናቱ ቤት ሲመጣ እንደ እንግዳ ወንበር ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው ብላ አወራችላት። ልብስ አጣቢዋ ያን ወንበር ሌሊቱን ሙሉ ስታየው አደረች።

ረቡዕ ፈቃድ ጠይቃ ወደ መሳፈሪያው ወረደች። መልህቅ በሥራ ቀን ምን እግር ጣለሽ አላት። ጉዳይ አለኝ አለች። ራስሽ ጻፊዋ፣ ተምረሻል ሲሉ እሰማለሁ ቢላት መዝገቡን ማየት አልፈለገችምና ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች። እሱም ሳይጠይቃት ጻፈና «አልቃሽሽን እኔ ጽፌልሻለሁ፣ አታስቢ» አላት። አልሳቀችም።

መንገዱ አርባ ደቂቃ ነው። አግዳሚ ወንበሩ ከሞተሩ ጋር ይንቀጠቀጣል፤ ከሥሩ የተጠቀጠቁት ተንሳፋፊ ጃኬቶች ሻጋታ ሻጋታ ይሸታሉ። እሷ ለአክስትየው የምትናገረውን ታዘጋጃለች። እርስዎ ቁልፍ ተከሉ፣ እኔ ግን ወለድኩ። እርስዎ ሹሩባ ሠሩ፣ እኔ ግን ታማ ስታድር ቆሜ አደርኩ። ደግ ሆነው ልጄን ከሚወስዱብኝ ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። ማዶ ስትደርስ ንግግሩን በቃሏ ይዛዋለች።

የአክስትየው ቤት ከመሳፈሪያው ጀርባ ባለው ጎዳና፣ ከጫማ ጠጋኙ በላይ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው። አንድ ክፍል ናት። በመስኮቱ በኩል የስፌት መኪናው፤ ግድግዳው ላይ ግማሹ ተቆርጦ ግማሹ የቀረ የሰው ኮት፤ መሬቱ ላይ የክር ቁርጥራጭ። ማዕዘኑ ላይ የልጅቷ አልጋ አለ፤ ያ ከስንት ዓይነት ጨርቅ የተሠራው ብርድ ልብስ ተነጥፎበታል። እናትየዋ ሁሉንም በአንድ ዓይን አየችው። ዓይኗ የቆመው ግን በሩ ጎን ላይ ነው። በልብስ ሰፊ ጠመኔ አጫጭር መስመሮች ተሰምረዋል፤ አንዱ ከሌላው በክር ውፍረት ከፍ እያለ። የልጇ ቁመት ነው። በገዛ ቤቷ በር ላይ እንዲህ ያለ መስመር የለም። ለምን እንዳላሰበችው አታውቅም።

«እትዬ፣ ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለች፣ ሳትቀመጥ።

ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከመኪናው መርገጫ ላይ አላነሳችም። «ዛሬ ረቡዕ ነው» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ለዚህ ሳምንት ነው ወይስ ለሁልጊዜ?»

«ለሁልጊዜ።»

መኪናው ቆመ። ልብስ ሰፊዋ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። «ምን አጠፋሁ?» አለች።

በአርባ ደቂቃ የተዘጋጀው ንግግር ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። «ምንም አላጠፉም» አለች እናትየዋ። ያ ነው የሚያበግነኝ ማለት አማራት፤ ዋጠችው።

«ትምህርቷስ?»

«እኔም እየተማርኩ ነው። የማውቀውን አስተምራታለሁ።»

ይህን እንዳለች ራሷን ሰማች። ልጅቷ ክፍልፋይ እየደመረች ነው፤ እሷ ከሦስት ፊደል በላይ ስትሄድ ትደናበራለች። ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻል ነበር። ተነስታ የልጅቷን ቦርሳ ከአልጋው ሥር ጎትታ፣ ልብሶቹን አንድ በአንድ፣ መጀመሪያ ለሁለት፣ ከዚያ ለሦስት እያጠፈች አስገባች። እናትየዋ የሚያጥፉትን እጆች ማየት ስላልቻለች መስኮቱን አየች። በመስኮቱ በኩል መሳፈሪያው ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ልጅቷን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ተቀበለቻት። ሚጡ እናቷን በረቡዕ ቀን ስታይ ደነገጠች። አባቴ ሞተ እንዴ አለች። አልሞተም። አንቺስ ታመሻል? አልታመምኩም። ታዲያ ምን ሆንሽ ብትላት እናቷ ወደ ቤት ነን ብቻ አለቻት። ልጅቷ ቦርሳውን በሁለት እጇ አቅፋ ከኋላ ከኋላ ተከተለቻት።

የማዶው መሳፈሪያ ጸሐፊ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። መዝገቧ ከደሴቲቱ የተለየ፣ ያልቆሸሸ ነው፤ ርዕሱም በየገጹ አናት ላይ ታትሟል። ልጅቷ ብዕሩን ተቀብላ ጻፈች፤ ቁጥሩን፣ ስሟን፣ አሥር። ከዚያ ብዕሩን አንስታ ቆመች።

«እማ፣ ዛሬ ማንን ልጻፍ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አራተኛው ላይ። አንቺ እዚህ ነሽ። እዚያ ማን ይቀበለኛል?»

«አልቃሽሽን ነዋ የምትጽፊው። አክስትሽን» አለች እናትየዋ፣ የመጨረሻዋን ቃል በግድ አውጥታ።

«አልቃሽ የመልህቅ ቀልድ ነው እኮ። ማዶ ቆሞ የሚጠብቅሽን ሰው ነው የምትጽፊው። ጀልባዋ ከዘገየች ለእሱ ነው የሚነግሩት። እቴቴ እንዴት እዚያ ትጠብቀኛለች? እዚህ ናት።»

እናትየዋ ጣቷን ገጹ አናት ላይ አሳረፈች። ከኋላዋ ሰልፍ አለ፤ ግድ አልሰጣትም። ማ። ዶ። የ። ሚ። ቀ። በ። ል። እስክትጨርሰው መጀመሪያው አልጠፋባትም። ከዚያ ገጹን ወደ ኋላ ገለጠች፤ ባለፈው ዓርብ። ክብ ክብ ጽሑፉ አለ፣ አራተኛው ላይ ሁለት ፊደል። እማ። ከዚያ በፊት ያለው ዓርብ። እማ። ሌላም ገለጠች። እማ። እማ።

ጸሐፊዋ ከመነጽሯ በላይ አየቻት። «እማ ማለት አንቺ ነሽ?» አለች። «ስንቴ ሙሉ ስም ጻፊ አልኳት መሰለሽ። እናቴ አሁን ማንበብ የምትችለው ይሄን ብቻ ነው፣ አንድ ቀን ታየው ይሆናል ብላ እምቢ አለችኝ።»

የእናትየዋ ፊት እንደ ካውያ ጋለ። አሥራ አራት ሰኞ ቆጥራ አንድም ዓርብ አላየችም። የምትቀበል እንጂ የምትሻገር አልነበረችም፤ የዓርቡ መዝገብ ሁልጊዜ ማዶ ነው።

ይህን ጊዜ ነው አክስትየው ትንፋሽ አጥሯት የመጣችው። በእጇ ገና ከገመድ ላይ የወረደ፣ እርጥብ የደንብ ልብስ ይዛለች፤ የልጅቷ ሁለተኛ ልብስ፣ ቦርሳ ውስጥ ሳይገባ የቀረ። ለእናትየዋ ዘረጋችላት። እናትየዋ ተቀበለችው። እጇ የልብስ አጣቢ እጅ ነውና ወዲያው አወቀው፤ ክርኑ ላይ ጨርቁ ሳስቷል፣ በውስጡ ጣቷ ይታያል። ይህ በአንድ ዓመት የሚያልቅ ጨርቅ አይደለም።

«እትዬ፣ ይሄ ልብስ በሳምንት ስንቴ ነው የሚታጠበው?»

«ሰኞና ረቡዕ።»

«ሰኞማ ታጥቦ ነው የሚመጣልዎት። እኔ ነኝ የማጥበው።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ውሃው አየች። «አውቃለሁ» አለች። «የአንቺ ሳሙና ይሸተኛል። እሱን ሳላስለቅቅ ልጅቷ የመጣችልኝ አይመስለኝም።» እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ጨመረች፤ «ዓርብ ስትሄድ መስኮቱ ላይ ቆሜ ነው የማመሸው። አንቺ ቢያንስ ትቀበያታለሽ። እኔ ነኝ ሁልጊዜ የምሸኛት።»

«ሰኞስ?» አለች እናትየዋ። «ሰኞ የሚሸኛት ማን ሆነና?»

ቅናት ከቅናት ጋር ዓይን ለዓይን ተያዩና ሁለቱም አፈሩ።

ልጅቷ አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን አየች። «ሁለታችሁም ስታጥቡት ነጣ እኮ» አለች። «ክፍል ውስጥ የሁሉም ሰማያዊ ነው። የእኔ ብቻ ነው አመድ የመሰለው።»

ጸሐፊዋ ሳል መሰል ድምፅ አሰማች። ጀልባዋ የመጀመሪያውን ጥሩምባ ነፋች።

«ሚጡ» አለች እናትየዋ፣ «ነገ ትምህርት ቤት ምን አለ?»

«የሒሳብ ፈተና።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅሽኝም።»

እናትየዋ ቦርሳውን ከልጅቷ ክንድ ላይ አወረደች። ከባድ ነበር፤ ለሁልጊዜ የተዘጋጀ ቦርሳ ነው። ለአክስትየው ስትሰጣት እጇ ወዲያው አለቀቀውም፤ ሁለቱ ሴቶች ቦርሳውን ጥቂት ጊዜ አብረው ያዙት። ከዚያ ለቀቀችው። «ዓርብ ይላኩልኝ» አለች። ጥቂት አሰበችና «ሹሩባዋን ግን አይንኩብኝ፣ እትዬ» አለች።

«ሲፈታባት ሥሪልኝ ብላ ነው የምትመጣው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እንዳይፈታ አድርጌ እሠራዋለሁ።»

ልጅቷን ሳመቻት። ከዚያ ወደ መዝገቡ ተመልሳ ብዕሩን ያዘች። ጸሐፊዋ ልጻፍልሽ ብትላት እምቢ አለች። ልጅቷ የጀመረችውን መስመር ሰርዛ ከሥሩ የራሷን ጀመረች። ስሟን ለመጻፍ ሁለት ደቂቃ ፈጀባት፤ ከኋላ አንዱ ደብዳቤ ነው እንዴ የምትጽፈው አለ። አራተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች። ልጇ እዚህ ናት፤ ባሏ መርከብ ላይ ነው፤ ማዶ የሚጠብቃት ሰው የለም። ባዶ ልተወው ብትል ጸሐፊዋ ባዶ አይቻልም አለቻት። አሰበች። ከዚያ አንዱ ፊደል ከመስመሩ በታች ወርዶ፣ አንዱ ከላይ ተንጠልጥሎ፣ መልህቅ ብላ ጻፈች። ጸሐፊዋ አየችና ሳቀች፤ ወዲያው ስልኩን ስታነሳ ልብስ አጣቢዋ አይታታለች።

ደሴቲቱ ጋ ሲደርሱ ሽማግሌው መሳፈሪያው ጫፍ ላይ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከትቶ፣ እጁን ከኋላው አጣምሮ፣ እንደ ሙሽራ አባት ቆሟል።

«ተቀባይሽ ነኝ» አላት።

«አልቃሽ አይደሉም እንዴ ጋሼ?»

«አምስት ደቂቃ ዘገያችሁ። ልጀምር ስል ደረስሽ።»

ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የቆየው ነገር ከደረቷ ላይ ጥቂት ላላ። ጥቂት ብቻ።

ዓርብ ልጅቷ መጣች። ፈተናው ቀላል ነበር፤ እቴቴ ሳሙና ለውጣለች፤ እቴቴ አንድ ቀን አብሬሽ እሻገራለሁ ብላለች፣ ውሃ ግን ትፈራለች። እናትየዋ «እንዴ» እና «ጎሽ» እያለች ሰማች። ከቦርሳው የደንብ ልብሱን አወጣች። ንጹህ ነው። ተተኩሷል። አሸተተችው፤ አዲሱ ሳሙናም የእሷ ሳሙና አይደለም። ሳፋው ከበሩ ኋላ ተደግፏል። ልብሱን ሚስማሩ ላይ ሰቅላ ተቀመጠች። ተነሳች፤ አወረደችው፤ መልሳ ሰቀለችው። ምሳ ዕቃ ስታጥብም አንዴ ተነስታ ነክታዋለች። ቅዳሜ ሳፋው ደረቅ ሆኖ ዋለ።

እሁድ ልጅቷን ጭኗ ሥር አስቀምጣ ሹሩባውን ሠራች፤ ከወትሮው ቀጭን ቀጭን አድርጋ፣ ከወትሮው አጥብቃ።

«እማ፣ ጠበቀ።»

«ይጥበቅ» አለች እናትየዋ። «እስከ ዓርብ ነው።»